ፍርዱ በእጅዎ፣ ገንዘቡ በሰው ኪስ፦ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ዕዳ ለማስከፈል የትኛው መንገድ ይሻላል?

ፍርድ ቤት ገንዘብ ሰብስቦ አይሰጥም። ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ውስጥ ለወዳጅ ያበደረ፣ ለኮንትራክተር ቀብድ የከፈለ ወይም ከሸሪክ ጋር ንግድ ከፍቶ የተጎዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይወቅ። ዳኛው «ይክፈል» ብሎ ይፈርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ባለዕዳው የት እንደሚሠራ ማጣራት፣ ባንኩን ማወቅ፣ ፎርም ሞልቶና ከፍሎ ትእዛዝ ማውጣት የረቺው ሥራ ነው። ይህን ሳያውቁ በድል ተመልሰው፣ ከዓመታት በኋላም ያችኑ ወረቀት አጥፈው የሚዞሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ስለዚህ ሦስቱን ሕጎች ሳነጻጽር የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ የዚህ ሰው ገንዘብ የት ነው ያለው? ደመወዝተኛ ነው? ሒሳቡ የት ነው? ቤት አለው? ቤቱስ በማን ስም ነው? መልሱ ሲለያይ የሚያዋጣው መንገድም ይለያያል፤ የክስዎ ጥንካሬ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም።

ሽማግሌ ወይስ ፍርድ ቤት?

ሽማግሌ መላክን አልንቅም። ከችሎት ይልቅ በሽምግልና የተከፈለ ዕዳ ብዙ አውቃለሁ። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ ሲመላለሱ የይርጋው ሰዓት አይቆምም። በሜሪላንድና በዲሲ የተለመደ የብድር ውል፣ በጽሑፍም ይሁን በቃል፣ የክስ ጊዜው 3 ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ለተፈረመ የጽሑፍ ውል 5 ዓመት ትሰጣለች፤ በቃል ለተደረገው ግን 3 ብቻ። በእቁብ ወይም «በመተማመን» የተሰጠ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከቃሉ ወገን ነው የሚወድቀው።

ሽምግልናው ከሠራ ውጤቱን በወረቀት ያስፍሩት፦ ስንት፣ በየስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ፣ አንድ ክፍያ ካለፈ ምን ይሆናል። ባለዕዳው ይፈርም። ሽማግሌዎቹም ቢፈርሙ ደግ ነው፤ ነገ ምስክር ያስፈልግ ይሆናል። ባልና ሚስቱ አብረው የተበደሩ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ለምን እንደሆነ ቤቱ ጋ ስንደርስ ይገባዎታል።

የትኛው ፍርድ ቤት?

ስቴቱን እንደልብ መምረጥ አይቻልም። እርስዎ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚኖሩ ብቻ አሌክሳንድሪያ ያለውን ሰው ሜሪላንድ ላይ ቢከሱት፣ ፍርድ ቤቱ በእኔ ላይ የዳኝነት ሥልጣን የለውም ብሎ ሊያፈርስብዎት ይችላል። አስተማማኙ ተከሳሹ በሚኖርበት መክሰስ ነው። ምርጫ የሚኖርዎት ውሉ አንድ ቦታ ተፈጽሞ ሰውየው ሌላ ቦታ ሲኖር ነው።

ዲሲ በስሞል ክሌምስ (አነስተኛ የገንዘብ ክስ) ችሎቷ እስከ 10,000 ዶላር ታያለች፤ ለተራ ከሳሽ የምትመቸው እሷ ናት። ሜሪላንድ በስሞል ክሌምስ የምታየው እስከ 5,000 ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 30,000 ድረስ በዚያው በዲስትሪክት ኮርት በመደበኛው ሥርዓት ይሄዳል። ቨርጂኒያም ስሞል ክሌምስዋ እስከ 5,000 ነው፤ ጠበቃ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። ከዚያ በላይ ያለው በጀነራል ዲስትሪክት ኮርት እስከ 50,000 ይታያል።

ሜሪላንድ ላይ 7,000 ዶላር ያለው ሰው «2,000ውን ትቼ ስሞል ክሌምስ ልግባ ወይስ ሙሉውን ልጠይቅ?» ይላል። ማስረጃው የዜል ማስተላለፊያና ጥቂት ቴክስት ብቻ ከሆነ፣ ባለዕዳውም ጠበቃ ይዞ የሚሟገት ዓይነት ከሆነ፣ የማስረጃ ሕጉ ወደሚላላበት ወደ ስሞል ክሌምስ መውረድ ያዋጣል። ተበዳሪው «አዎ አለብኝ፣ ግን የለኝም» የሚል ከሆነ 2,000 ዶላር የሚተዉበት ምክንያት አይታየኝም። ዕዳውን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ክስ ማቅረብ ግን አይታሰብ።

ወለዱም ይለያያል። ከፍርድ በኋላ ሜሪላንድ በዓመት 10 ከመቶ ታሰላለች፤ ያልተከፈለ የቤት ኪራይ ሲሆን 6። ቨርጂኒያ ውሉ ሌላ ካላለ 6 ከመቶ ትላለች። የዲሲው ከፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት የወለድ መጣኔ ጋር ተያይዞ ከፍና ዝቅ ይላል። ሜሪላንድ ላይ የተፈረደ 4,000 ዶላር ከ5 ዓመት በኋላ 6,000 ነው። ፍርዱ የሚጸናው በሜሪላንድና በዲሲ 12 ዓመት ነው፤ በቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተሰጠ ፍርድ 10 ዓመት። ጊዜው ሳያልፍ ማሳደስ በሦስቱም ይቻላል።

ደመወዙ፦ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታይበት

ባለዕዳው በደብልዩ ቱ (አሠሪው ግብር እየቆረጠ የሚከፍለው) የሚሠራ ደመወዝተኛ ከሆነ ጋርኒሽመንት የመጀመሪያ ምርጫዎ ይሁን። አሠሪው ከየደመወዙ እየቆረጠ ይልካል። የፌዴራሉ ሕግ ከተጣራ ደመወዝ ከ25 ከመቶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ በሳምንት የመጀመሪያውን 217.50 ዶላርም አያስነካም። ይህ የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ ማለትም 7.25፣ በ30 ሲባዛ ነው። ስቴቶች ከዚህ የበለጠ ለሠራተኛው ማዳላት ይችላሉ፤ ሦስቱም አዳልተዋል፣ ግን በተለያየ መጠን።

ሜሪላንድ የስቴቱን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ 15 ዶላር፣ በ30 ታባዛለች፤ 450 ዶላር አይነካም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ ከፍ ያለ ዝቅተኛ ክፍያ ቢኖረውም ለዚህ ስሌት የሚያገለግለው የስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ በ40 ታባዛለች፤ በ2025ቱ 12.41 ዶላር ሲሰላ 496.40። ዲሲም በ40 ነው፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በነበረው 17.95 ዶላር ሲሰላ 718 ዶላር ይሆናል።

አንድ የሆቴል ሠራተኛ ግብርና ሶሻል ሴኩሪቲ ከተቆረጠበት በኋላ በሳምንት 600 ዶላር እጁ ይገባል እንበል። ሜሪላንድ ላይ 25 ከመቶው 150 ነው፤ ከ450 በላይ ያለውም 150 ነው። በሳምንት 150 ይቆረጣል፤ 6,000 ዶላር ዕዳ ወለዱን ሳንቆጥር በ40 ሳምንት ያልቃል። ቨርጂኒያ ላይ ከ496.40 በላይ ያለው 103.60 ስለሆነ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ዕዳው ወደ 58 ሳምንት ይገፋል። ዲሲ ላይ ግን ዜሮ። ደመወዙ 718 ስለማይሞላ አንዲት ሳንቲም አይነካም፤ ይህ ሰው ዲሲ ላይ ፍርድ ቢያርፍበት ባለገንዘቡ በደመወዙ በኩል ምንም አያገኝም። ዲሲ ለክስ ትመቻለች ብዬ ነበር፤ ለማስፈጸም ግን ለባለዕዳው ነው የምትመቸው። ሁለቱን አለማምታታት ነው። ቁጥሮቹ ከዝቅተኛው ክፍያ ጋር አብረው ስለሚንቀሳቀሱ፣ የዲሲውን በየጁላይ፣ የቨርጂኒያውን በየጃንዋሪ እንደገና ያስሉ።

ሰውየው ቨርጂኒያ እየኖረ ዲሲ ቢሠራስ? አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ትእዛዙን ያወጣው ፍርድ ቤት ሕግ ነው። አሠሪው ቨርጂኒያም ውስጥ የተመዘገበ ትልቅ የሆቴል ድርጅት ከሆነ ትእዛዙን በቨርጂኒያ ማድረስ ይቻላል። ዲሲ ብቻ ያለ ትንሽ ምግብ ቤት ከሆነ ግን ፍርዱን ዲሲ ወስዶ ማስመዝገብ ይጠይቃል፤ ያኔ ያ የ718 ዶላር አጥር አብሮ ይመጣል።

አሠራሩም አንድ አይደለም። በሜሪላንድ አንዴ የጀመረ ቅነሳ ዕዳው እስኪያልቅ ወይም ሰውየው ሥራ እስኪለቅ ይቀጥላል፤ እርስዎ ግን ገንዘብ በተቀበሉበት ወር ሁሉ፣ ወሩ ባለቀ በ15 ቀን ውስጥ ስንት እንደደረሰዎትና ስንት እንደቀረ መግለጫ መላክ አለብዎት። በቨርጂኒያ የደመወዝ ትእዛዝ ቢበዛ 180 ቀን ቆይቶ ይሞታል፤ እንደገና ማመልከት፣ እንደገና መክፈል ነው። ለ800 ዶላር ዕዳ ይህን ሁሉ መመላለስ ያዋጣል ወይ የሚለውን አስቀድመው ያስሉት።

ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ፣ በቴን ናይንቲናይን (እንደ ግል ሠራተኛ) የሚከፈለው ሰው ላይ ይህ መንገድ ብዙም አይሠራም። አሠሪ የለም፤ የሚቆርጥለትም የለም። ከእኛ ሰው ስንቱ በዚህ እንደሚተዳደር ይታወቃል፤ ለእሱ የሚያዋጣው ባንኩ ነው።

ባንኩ፦ አንዴ ብቻ የሚሠራ

የባንክ ሒሳብ ማሳገድ ፈጣን ነው፣ አንድ ቀን ሙሉውን ዕዳ ሊያስገኝ ይችላል። ችግሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ያለመሥራቱ ነው፤ ሒሳቡ አንዴ ከተነካ ባለዕዳው ባንክ ይቀይራል። ስለዚህ ባንኩን በእርግጠኝነት ሳያውቁ፣ ገንዘብ የሚገባበትንም ቀን ሳያጤኑ አይተኩሱ። ቼክ ሰጥቶዎት የሚያውቅ ከሆነ የቼኩን ፎቶ ይፈልጉ፤ ባንኩም የሒሳብ ቁጥሩም እዚያው ላይ ነው። ኪራይ ወይም የእቁብ ገንዘብ በቼክ ሲቀበሉ ፎቶ ማንሳትን ልማድ ያድርጉት።

የማይነካ ገንዘብም አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ኤስኤስአይና የቬተራን ጥቅም በቀጥታ ባንክ የሚገባ ከሆነ፣ ባንኩ ያለ ማንም ጥያቄ ባለፉት ሁለት ወራት የገባውን ያህል ነጻ ይተዋል። ሜሪላንድ ባለዕዳው በ30 ቀን ውስጥ ከጠየቀ እስከ 6,000 ዶላር ታስለቅቃለች። ቨርጂኒያ 5,000፣ ዕድሜው 65 ከሞላ 10,000 ድረስ ለመጠበቅ ትፈቅዳለች፤ እሱም መጠየቅን ይፈልጋል። ሒሳቡ ላይ 3,000 ብቻ ያለው፣ መብቱንም የሚያውቅ ሰው ላይ ይህን መንገድ መሞከር የማመልከቻ ብር ማባከን ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ ሜሪላንድ ላይ ዕዳው የባልየው ብቻ ከሆነ፣ በባልና ሚስት የጋራ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ አይነካም።

ቤቱ፦ ለታጋሽ

የእኛ ማኅበረሰብ ቤት ይገዛል፤ የሚገዛውም ባልና ሚስት በጋራ ሆነው ነው። እዚህ ላይ ነው ያ የሁለቱ ፊርማ ዋጋ የሚያወጣው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም በባልና ሚስት የማይነጣጠል የጋራ ባለቤትነት የተያዘን ቤት፣ ከሁለቱ የአንዱ ብቻ ባለገንዘብ እንዳይነካው ይከላከላሉ። የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቤት እያለው 15,000 የማይከፍል ሰው ዘንድ ሄደው ባዶ እጅዎን የሚመለሱት በዚህ ነው። ሚስት ካልተበደረች፣ ካልፈረመች፣ ፍርዱም በእሷ ላይ ካልሆነ ቤቱን ይርሱት። ይህን ጋሻ የሚያነሣው ፍቺ ወይም የባለዕዳ ያልሆነው ወገን ሞት ነው፤ ሁለቱንም ለማንም አልመኝም።

ቤቱ በባለዕዳው ስም ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍርዱን ቤቱ ላይ ሊን (የዕዳ መያዣ) አድርገው ያስመዘግቡታል፤ ሲሸጥ ወይም ሪፋይናንስ ሲደረግ ታይትል ካምፓኒው (የቤቱን ባለቤትነትና ዕዳ የሚያጣራው ድርጅት) ያገኘዋል፣ እርስዎም ይከፈልዎታል። የዲስትሪክት ኮርት ፍርድ ግን እንዲሁ በቀጥታ ቤት ላይ አይወጣም፦ ሜሪላንድ ላይ ቤቱ ባለበት ካውንቲ ሰርኪት ኮርት የሊን ማስታወቂያ ማስገባት፣ ቨርጂኒያ ላይ የፍርዱን ማጠቃለያ ወስዶ በሰርኪት ኮርቱ መዝገብ ማስፈር ያስፈልጋል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ቤት ያለው ነጠላ ባለዕዳ ላይ ይህን ሳያደርጉ አይደሩ። ዲሲ ላይ ባለዕዳው ራሱ የሚኖርበት ቤት ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ከፍርድ አፈጻጸም የተጠበቀ ነው።

ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ለማየት መርማሪ መቅጠር አያስፈልግም። ሜሪላንድ ላይ የስቴቱ የንብረት ምዘና መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻ ብቻ ቢጽፉ ባለቤቶቹ በነጻ ይወጣሉ። የቨርጂኒያ ካውንቲዎችም ተመሳሳይ መፈለጊያ አላቸው።

ንግዱ

ሬስቶራንት፣ ሊከር ስቶር፣ ፓርኪንግ ያለው ባለዕዳ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ውሉ ላይ የፈረመው ማን እንደሆነ ነው። ኤልኤልሲው (የተመዘገበው ድርጅት) ብቻ ከፈረመ ፍርዱ የሚይዘው ኤልኤልሲውን ነው፤ ባለቤቱ ያንን ዘግቶ በማግሥቱ ሌላ ይከፍታል። ንግዱ እየሠራ እያለ ግን የንግድ ሒሳቡን ማሳገድ ከሁሉም ይቀድማል፤ ለግለሰብ የሚሰጡት እነዚያ ነጻ መጠኖች ለድርጅት የሉም። ሸሪፍ ልኮ ዕቃ ማስያዝም አለ፤ እንዲህ ያለው ግን ወጪው ከሚገኘው ስለሚበልጥ ከማስፈራራት ብዙ አያልፍም።

ንብረቱን ጨርሶ ካላወቁት ፍርድ ቤቱ ቃለ መሐላ አስገብቶ እንዲጠይቀው ማመልከት ይቻላል። ዕዳ ባለመክፈል ማንም አይታሰርም፤ ፍርድ ቤት ጠርቶት አልመጣም ያለ ሰው ግን ተይዞ እንዲቀርብ ሊታዘዝ ይችላል። ስንቱ ቼክ ደብተሩን ያወጣው ይህ ጥሪ ሲደርሰው ነው። «ክሬዲቱን አበላሽበታለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ግን ጊዜው አልፎበታል፤ ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች ከ2017 አጋማሽ ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ፍርዶችን ከሪፖርታቸው አውጥተዋል።

ሰውየው ከሄደስ?

ሦስቱም የሌላ ስቴት ፍርድን በምዝገባ ብቻ የሚቀበለውን የጋራ ሕግ ስለተቀበሉ፣ የተረጋገጠ ቅጂ ይዞ መሄድ በቂ ነው፤ እንደገና ክርክር የለም። ዳላስ ወይም ሂዩስተን ከሄደ ግን ሒሳቡን ያጢኑ። ቴክሳስ ለተራ ዕዳ ደመወዝ አታስቆርጥም፤ የሚኖርበትን ቤት ከተማ ውስጥ እስከ 10 ኤከር ድረስ ዋጋው ሳይገደብ ትጠብቃለች። ባንክ የገባ ገንዘብ ግን እዚያም ሊታገድ ይችላል።

«አዲስ አበባ ቤት አለው» ለሚሉም፦ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ማመልከቻ ይቀበላል፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ግን ፍርዱን የሰጠው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ ነው። ይህን ለማስረዳት የአገር ቤት ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ከትልቅ ገንዘብ በታች አያዋጣም።

በራስ፣ በጠበቃ ወይስ በኮሌክሽን?

ከ5,000 በታች ከሆነ፣ አሠሪውንም የሚያውቁ ከሆነ፣ በራስዎ ያድርጉት። ፎርሞቹ የሚሞሉ ናቸው፤ የአማርኛ አስተርጓሚም ከፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ይጠየቃል። በኮሚሽን የሚሠራ ጠበቃ ከተገኘው ብዙ ጊዜ ሲሶውን ይወስዳል፤ ባለዕዳው ሲሸሽ ወይም ንብረት ሲያሸሽ ያን ያህል ቢወስድም አይቆጭም። ኮሌክሽን ድርጅት ለግለሰብ ብድር አልመክርም፤ ስልክ ከመደወል አያልፉም፣ ስልኩም በሕግ የተገደበ ነው፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በእኛ አቆጣጠር መደወል ክልክል ነው፣ ስለ አንድ ዕዳም በ7 ቀን ከ7 ጊዜ በላይ።

ባለዕዳው እርስዎ ከሆኑ

መጥሪያውን መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። ሜሪላንድ ላይ መጥሪያ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ እከራከራለሁ ብለው ማሳወቅ አለብዎት፤ ከስቴቱ ውጭ ከደረሰዎት 60 ቀን አለ። ቨርጂኒያ ላይ የተቀጠረው ቀን መቅረብ ነው። ከተፈረደ በኋላ የይግባኙ ጊዜ በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት 30 ቀን ሲሆን በቨርጂኒያ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት 10 ቀን ብቻ ነው። ለአንድ ዕዳ ደመወዝ ስለተቆረጠ ከሥራ ማባረርን የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ባንክራፕሲ (የኪሳራ ማመልከቻ) ካስገቡ ማስፈጸሙ ሁሉ ወዲያው ይቆማል፤ አስቀድሞ ቤት ላይ የተመዘገበ ሊን ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይጠፋም።

ከፍለው ሲጨርሱም ደረሰኝ ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ባለገንዘቡ ፍርዱ መከፈሉን ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ቨርጂኒያ ለዚህ 30 ቀን ትሰጠዋለች። ካላደረገው መዝገቡ ላይ ዕዳዎ እንዳለ ነው፤ ቤት ሊሸጡ ሲሉ ታይትል ካምፓኒው ያንን ነው የሚያየው።